ሦስት ቁጥር በርሜል

ሆሳዕና ውስጥ በርሜል ቀላል ስጦታ አይደለም። ቧንቧው በሳምንት አንዴ፣ ሲከፋው በሁለት ሳምንት አንዴ ብቅ ይላል። በመጣበት ቀን ዕቃ ያለው ያጠራቅማል፤ የሌለው ሲፈስ እያየ ይቆዝማል። ስለዚህ አዲስ ቤት ለገባ ሰው አልጋ ካመጣለት ይልቅ በርሜል ያመጣለት ነው ከልብ የሚመረቀው። እኔም ተመርቄያለሁ። በዕድሜዬ ከተመረቅኳቸው ምርቃቶች ውስጥ መልሳችሁ ውሰዱልኝ የምለው ያንን አንዱን ነው።

በሙያዬ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ዶዮገና አካባቢ ነው፤ ሆሳዕና ከገባሁ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ሰፊ ግቢ ባለው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የጥገና ክፍል ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከሥሬ ሁለት ሰዎች፣ አንድ መሰላልና ቁልፉ የጠፋ የመሣሪያ ሣጥን ብቻ ናቸው ያሉት። ግን ኃላፊ ነኝ፣ ፊርማዬም ይሠራል። ኋላ እንደምታዩት ጉዱም የመጣው ከዚሁ ፊርማ ነው።

መሥሪያ ቤታችን ረጃጅሞቹን የፍሎረሰንት አምፖሎች አውርዶ በኤልኢዲ መቀየር የጀመረ ጊዜ አሮጌዎቹ መውጫ አጡ። የመንግሥት ንብረት አሠራር እንዲህ ነው፦ አሮጌውን ሳትመልስ አዲሱን አይሰጡህም፤ የመለስከው አሮጌ ደግሞ ኮሚቴ ካልወሰነበት አይጣልም። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ አምፖሉ መጋዘን ውስጥ እንደ አገዳ ተከመረ። በሾኔም፣ በዱራሜም፣ በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው ያው ችግር ነበር። ይህን ያየ አንድ ፕሮጀክት ማሽን ገዝቶ፣ ቦታ አላችሁ ተብሎ እኛ ግቢ ተከለው። የአካባቢው የተቃጠለ አምፖል ሁሉ ወደ እኛ ይመጣ ጀመር።

ማሽኑ ሲያዩት አያስደነግጥም። በርሜል አፍ ላይ እንደ ክዳን ግጥም ብሎ የሚቀመጥ ብረት ነው። ከላይ ረጅም ቱቦ አለው። አምፖሉን በቱቦው ስትለቀው ውስጥ የሚሽከረከረው ሰንሰለት ዓይንህን ሳትጨፍን ያደቀዋል፤ ስባሪው በርሜሉ ውስጥ ይወርዳል። ከጎኑ ያለው ማራገቢያ አየሩን እየሳበ መጀመሪያ አቧራ በሚይዝ ከረጢት፣ ከዚያ በከሰል ማጣሪያ ያሳልፈዋል። ይህ ሁሉ ልፋት አምፖሉ ውስጥ ላለችው ጥቂት ሜርኩሪ ነው። የድሮ ሰዎች ባዜቃ ይሏታል። የመርፌ ጫፍ የማታህል ነገር ናት፤ አምፖሉ ሲሰበር ግን ተንና ትወጣለች፣ ሽታ የላት፣ ቀለም የላት። ነርቭ ትጎዳለች፣ ኩላሊት ትጎዳለች፤ በተለይ ሕፃናት ላይ ትበረታለች።

ይህን ሁሉ የተማርኩት አዲስ አበባ ለሦስት ቀን ሥልጠና በተላክሁ ጊዜ ነው። አሠልጣኙ ስለ በርሜሉ የተናገረውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «በርሜሉን ከማሽኑ ነጥላችሁ አትዩት። ሲሞላ ታሽጎ ከነሆዱ ይሄዳል። አይገለበጥም፣ አይታጠብም፣ ለሌላ ነገር አይውልም» አለን። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። ደብተሩ አሁንም ቤት አለ። አላውቅም ነበር ብዬ እንዳልፍ ያ መስመር አያሳልፈኝም።

በርሜሎቹ ከማሽኑ ጋር የመጡ ሲሆኑ ከአንድ እስከ አምስት በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል። አንድና ሁለት ሞልተው ታሸጉ። ሦስት ቁጥር ግማሽ ድረስ እንደሞላ ከጋሪ ላይ ወደቀብን። አልፈሰሰም፤ አፉ ግን ተጣመመ። ማሽኑን ብናስቀምጥበት በአንድ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተወ። ያኔ ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነበር፦ ክዳኑን ጭኜ፣ በፕላስተር ጠቅልዬ፣ ግማሹን እንደሞላ ከሌሎቹ ጎን ማስቀመጥ። እኔ ግን ግማሽ በርሜል ማሸግ አንገበገበኝ። እኛ ዘንድ ያልሞላ ዕቃ አይታሰርም፤ ጆንያም ቢሆን ተነቅንቆ፣ ተጠቅጥቆ ነው የሚሰፋው። ጭምብሌን አጥልቄ፣ ማሽኑ ያለበት ክፍል ጥግ ላይ ሦስት ቁጥርን ወደ አራት ቁጥር ገለበጥኩት። ትንሽም መሬት ላይ ፈሰሰ፤ ጠረግነው። ሦስት ቁጥር ውስጡ ዱቄት የተነፋበት ወንፊት መስሎ ባዶውን ቀረ።

አሁን ስለ እሷ ልናገር።

ያንን ክፍልና የጥገና ክፍሉን የምታጸዳልን ሴት ናት። የሆሳዕና ዙሪያ ልጅ፣ የሃዲያ ሴት፤ እናቷ ያለችው ጃጁራ ነው። ባሏ እንደ ብዙዎቹ የአገሩ ወንዶች ደቡብ አፍሪካ ገብቶ በዓመት በዓል ብቻ ይደውላል። ሁለት ልጆች አሏት፤ ትልቋ ሁለተኛ ክፍል፣ ትንሹ ገና ትምህርት ያልጀመረ። እኔ ከምባትኛ፣ እሷ ሃዲይኛ ስለምንናገር የምንግባባው በአማርኛ ነው፤ ሁለታችንም ትምህርት ቤት ያገኘነው ቋንቋ። «ጋሼ» ትለኛለች፣ ግን «አንተ» ነው የምትለኝ፤ «እርስዎ» እኛ አገር ብዙ አልተለመደም። ሥራዋን እንደ እሷ የሚወድ ሰው በዚያ ግቢ አላየሁም። እኔ ስቆጣ አትደነግጥም፤ «ጋሼ፣ ዛሬ ቁርስ አልበላህም?» ብላ ታስቀኛለች። እወዳታለሁ። ይህን ማለቴ ጥፋቴን እንዲያቀልልኝ ሳይሆን እንዲያከብድብኝ ነው።

በዚያ ዓመት ከተማው ዳር የቆርቆሮ ቤት ሠራች። በራሷ ጉልበት፣ ጭቃውን ራሷ ረግጣ። ልትገባ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ማሽኑ ያለበት ክፍል በር ላይ ቆማ፣ «ጋሼ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። በርሜል ካገኘህ ግን እኔን አስበኝ» አለችኝ። ዓይኗ ጥጉ ላይ ያለውን ሦስት ቁጥርን አላየም ብል ውሸት ነው።

«አስብሻለሁ» አልኳት።

በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል። እኔ ገደሉንም አይቻለሁ፤ በደብተሬ ላይ አስምሬበታለሁ። ግን ለምናኝ የማታውቅ ሴት አንድ ነገር ለመነችኝ፤ የለም ማለት አቃተኝ። ከዚያም በላይ፣ እውነቱን ልናገር፣ ከሁሉ የበለጠ ስጦታ ይዞ የሚገባው ሰው እኔ መሆን ፈለግሁ። ኃላፊ ነኛ።

የንብረት ማስወገጃ ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበርን። በዝርዝሩ ላይ «አፉ የተጣመመ በርሜል፣ አንድ፣ ዋጋ የሌለው» ብለን ጻፍን፤ ሦስታችንም ፈረምን። ሊበሏት የፈለጓትን አሞራ ስሟን ጅግራ ይሏታል እንደተባለው ነው። ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ውስጡ ምን እንደነበረ አያውቁም፤ አልጠየቁኝም፣ አልነገርኳቸውም። ዋጋ የሌለው ነገር ለጽዳት ሠራተኛ ቢሰጥ ማን ይከፋዋል?

ከዚያ ማጠብ ጀመርኩ። እንዴት እንዳጠብኩት ብነግራችሁ ታዝኑልኛላችሁ። ግቢው ጀርባ ወስጄ መጀመሪያ በአመድ፣ ቀጥሎ በኦሞና በፈላ ውሃ፣ ከዚያ ጠጠር ጨምሬበት መሬት ላይ እያንከባለልኩ፣ እንደገና በአመድ። ሦስት ቀን ሙሉ አፉን ለፀሐይ ከፍቼ አሰጣሁት። የታጠበበት ውሃ በቦዩ ወርዶ ወዴት እንደሄደ ያኔ አልጠየቅኩም። በመጨረሻ ነጭ መሐረቤን አውጥቼ ውስጡን ዳበስኩት፤ መሐረቡ ነጭ ሆኖ ወጣ። ዓይኔ ካላየው የለም አልኩ። ጉድ እኮ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሽታ የላት፣ ቀለም የላት እያሉ ያስተማሩኝን ነገር በመሐረብ ፈተንኩት።

ከዚያ ውጭውን አረንጓዴ ቀባሁት። ነጩ «3» ከሥር ገባ። ያን ጊዜ ቁጥሩን ለመደበቅ ብዬ አልነበረም የቀባሁት፤ እንዲያምር ነበር። ቢያንስ ለራሴ እንዲያ ነው ያልኩት። በጋሪ አስጭኜ ስወስድላት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆየችና፣ «ምን ነበረበት ጋሼ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።

ቤቱ የተመረቀው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከመሥሪያ ቤት ሁላችንም ሄድን፤ አንዱ ፍራሽ፣ አንዷ ቴርሞስ፣ አንዱ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሴቶቹ ተባብረው ሣህንና ድስት። ዕቃው ሁሉ ግቢው መሃል ተሰበሰበ። በቤተ ክርስቲያናቸው ልማድ ሽማግሌዎቹ ቤቱን ብቻ ሳይሆን ወደ ቤቱ የገባውንም ዕቃ ይጸልዩበታል። ትልቁ ሽማግሌ በርሜሉ ጋ ደርሰው እጃቸውን ጫኑበት። መጀመሪያ በሃዲይኛ ጸለዩ፤ ከዚያ እኛ እንግዶቹ እንድንሰማ በአማርኛ ደገሙት። ውሃው እንዳይጎድል፣ ከእርሱ የሚጠጡ ልጆች እንዲያድጉ፣ ያመጣውም እጅ እንዲባረክ ለመኑ። ሰዉ ሁሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ፤ ድምፄ ከሌላው ከፍ ሳይል አልቀረም።

ወራት አለፉ። እውነት ለመናገር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዳንዴ ያ ያሰመርኩበት መስመር ትዝ ይለኝ ነበር፤ ከዚያ ለመድኩት። ሰው የማይለምደው ነገር የለም። ጠዋት ስታገኘኝ «ጋሼ፣ በርሜልህ ሙሉ ነው» ትለኛለች፤ ደስ ይለኛል። ይኸው ነው፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ክረምቱ መሃል ላይ በርሜሎቹን የምትረከብ አንዲት ወጣት መሐንዲስ ከአዲስ አበባ መጣች። ቁጥብ፣ ጫማዋ ላይ ጭቃ ቢወጣም የማትነጫነጭ ሴት ናት። ዝርዝሩን ይዛ ቆጠረች፦ አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ አምስት።

«ሦስት የት አለ?»

«ተበላሽቶ ተወገደ።»

«የት?»

«ተቀበረ» አልኩ። ምላሴ እንዴት እንደቀለለ ሳስበው አሁንም ይደንቀኛል። ጻፈችው። አምናኝ እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ ከቦርሳዋ አንድ ስልክ የምታህል መሣሪያ አወጣች፤ አየር ውስጥ ያለ የሜርኩሪ ተን የሚለካ ነው አለች። ክፍሉን ስትዞር ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ቆየ። ጥጉ ጋ ስትደርስ፣ ሦስት ቁጥርን የገለበጥኩበት ቦታ ማለት ነው፣ መሣሪያዋን ወደ ሲሚንቶው ስታስጠጋው ቁጥሩ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። ጎንበስ ብላ ቆየች።

«እዚህ ምን ተደፍቶ ነበር?»

«አምፖል ሳይሰበር አልቀረም።»

«ይታጠባል ይኼ?»

የምታጸዳልን ሴት በሩ ላይ መወልወያዋን ይዛ ቆማ ነበር። «እኔ ነኝ የማጥበው» አለች፣ ሥራዋን የነቀፉባት መስሏት። «በየሳምንቱ፣ በኦሞ። ጋሼን ጠይቂው።»

መሐንዲሷ ቀና ብላ አየቻት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ይኼ በመታጠብ አይወጣም። ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ ዝገት ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ተቀምጦ ቀስ እያለ ይወጣል። ከእንግዲህ እዚህ ጥግ እንዳትደርሺ፤ ወለሉ ተነሥቶ እስኪሠራ ክፍሉ ይዘጋ» አለቻት።

እኔ ስለ ወለሉ አይደለም ያሰብኩት። የበርሜሉ ግርጌ ላይ፣ ቆርቆሮው ከቆርቆሮው ጋር የተጋጠመበትን ስፌት ነው ያሰብኩት። መሐረቤ እዚያ አልደረሰም ነበር።

በዚያው ቀን ከሥራ ስንወጣ ባጃጅ ይዤ የጽዳት ሠራተኛዋ ከመድረሷ በፊት ቤቷ ደረስኩ። በርሜሉ ከጣራው አሸንዳ ሥር ቆሞ፣ በዝናብ ውሃ ጢም ብሎ ሞልቷል። ትልቋ ልጅ በጣሳ እየቀዳች ታናሿን እግሩን ታጥበዋለች፤ መሃል ላይ እሱ ጣሳውን ነጥቆ ጠጣበት። ሮጬ ልነጥቀው ፈለግሁ፤ አልነጠቅኩትም። በዚህ መሃል እናታቸው ደረሰች፤ ቤቷ በመምጣቴ ደስ አላት። ዳገቱን ስለወጣሁ ጠምቶኝ ይሆናል ብላ ጆግ ይዛ ወደ በርሜሉ ሄደች።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰዓት ነው። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ልጆቹ እያዩኝ፣ እሷ ፊቷ በርቶ፣ ሽማግሌው የጸለዩበት በርሜል አጠገብ ቆሜ፣ «መርዝ ነው የሰጠሁሽ» ልበላት? ጆጉን ተቀብዬ ጠጣሁ። እስከ ጭላጩ ጠጣሁት። ብጠጣ ከልጆቹ ጋር እኩል የምሆን፣ ጥፋቱም በዚያው የሚካካስ መስሎኝ ነበር። ሞኝነት ነው፤ የእኔ መጠጣት ከልጆቹ ሆድ አንዲት ጠብታ አላወጣም።

«በርሜሉ ሊዝግብሽ ነው» አልኳት አፌን እየጠረግሁ። «ዝገት ለልጆች ጥሩ አይደለም። የፕላስቲክ አመጣልሻለሁ፤ እስከዚያ ከዚህ አታጠጪያቸው።» ዝገት አልኩ። እውነቱን ልናገር ሄጄ የእውነቱን ታናሽ ወንድም ነግሬያት ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን ትልቅ የፕላስቲክ የውሃ ማጠራቀሚያ በጋሪ አስጭኜ ሄድኩ። አሸንዳው ሥር ምንም የለም።

«የብረቱስ?» አልኳት።

«እናቴ ጋ ልኬዋለሁ» አለች እየሳቀች። «ትናንት ወደ ጃጁራ የሚሄድ አይሱዙ አገኘሁና ጫንኩላት። የፕላስቲክ አመጣለሁ አላልክም? እኔ ሁለት ምን ያደርግልኛል? እሷ እኮ ውሃ የምትቀዳው ከሩቅ ነው። ትንሽ ቢዝግም ለእሷ ወርቅ ነው አልኩ።»

ያመጣሁት ውሸት የልጆቿን ውሃ ለውጦ የእናቷን አበላሸ። ዝገት ያልኳት ሴት ዝገት አትፈራም፤ ጃጁራም ዝገት የሚፈራ ሰው የለም። በርሜሉ አንዴ ከተለቀቀ ከዘመድ ወደ ዘመድ፣ ከሠርግ ወደ ለቅሶ በውሰት ይዞራል። አያልቅም፤ ብረት ነው።

አሁንም አልተናገርኩም። «መሥሪያ ቤት ይፈለጋል ብለውኛል፤ ራሴ ሄጄ አመጣዋለሁ» አልኳት። ለእሷ የዋሸሁት ሦስተኛው ውሸት ይኼ ነው፣ ከቆጠራችሁልኝ። ትንሽ ቅር አላት፤ የተሰጠ ነገር ተመልሶ ሲጠየቅ ደስ አይልም። ግን አልጨከነችብኝም። የሰፈሩን ምልክት ነገረችኝና፣ «እናቴ አማርኛ አትችልም። ስትደርስ ደውልልኝ፣ እኔ እነግራታለሁ» አለችኝ።

በርሜሉ አሁን የት እንዳለ ለሚጨነቅ ሰው እዚህ ላይ ልናገር። ታሽጎ ከሌሎቹ ጋር ተጭኖ ሄዷል። ለመሐንዲሷም ደውዬ መዋሸቴን ነግሬያታለሁ፤ «ሰው ተጠቅሞበታል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኳት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፣ ማሽኑንም ሌላ ሰው ተረክቦታል። ይገባኛል። ያ ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ ጃጁራ ላይ የሆነው ነው።

የፕላስቲኩን ባደረስኩ ማግሥት ገበያ ነበር፤ ከገበያተኛ ጋር ተጣብቄ ሄድኩ። የእናቲቱ ቤት በእንሰት የተከበበ፣ ደጁ የተጠረገ ነው። በርሜሉ እንደ ሹም መሃል ግቢ ላይ ቆሟል። ሣንቃ ከድነውበት፣ ሣንቃው ላይ ድንጋይ ጭነውበት፣ ከሥሩ እንዳይረጥብ ሦስት ጉልቻ አድርገውለታል። ሞልቷል። አንዲት የጎረቤት ሴት ጄሪካኗን ቀድታ እያመሰገነች ስትወጣ በር ላይ ተላለፍን።

እናቲቱ ቀጭን፣ ፈጣን አሮጊት ናቸው። ማን እንደሆንኩ ሲገባቸው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ላይ እያዩ ብዙ ነገር ተናገሩ። በሃያ ዓመት ውስጥ ከለቃቀምኳት ሃዲይኛ የገባኝ ምርቃት መሆኑ ብቻ ነው። ቶሎ ብዬ ስልኬን አወጣሁና ለልጃቸው ደውዬ ድምፁን ለሁለታችን ከፈትኩት።

«ንገሪያቸው» አልኳት። «መሥሪያ ቤቱ በርሜሉን ፈልጎታል በያቸው።»

ነገረቻቸው። አሮጊቷ አላዘኑም፤ እንዲያውም የመንግሥቱን ዕቃ ተጠንቅቄ ይዣለሁ የሚሉ በሚመስል ኩራት በርሜሉን መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው ያላቸውን ዕቃ ሁሉ አወጡ፤ ጄሪካን፣ ማሰሮ፣ ባልዲ፣ አንድ የዘይት ጠርሙስ ሳይቀር። ውሃው እንዳይባክን በርሜሉን ከመስጠታቸው በፊት ሊቀዱት ነው። ሩቅ ወርዶ ውሃ የሚቀዳ ሰው ውሃ አይደፋም። ጎንበስ ብለው በጣሳ መቅዳት ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ማሰሮ ሞላ፣ ባልዲው ሞላ። እኔ ቆሜ አያለሁ። በርሜሉን ይዤ ልሄድ ነው፤ ውሃው ግን ቤት ሊቀር ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ምግባቸው በዚህ ሊበስል ነው፤ ለእንግዳ በዚህ ሊቀዳ ነው። ጠርሙሱን አንስተው ሲሞሉ፣ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ጠብታ እንዳይፈስ እጃቸውን ከሥር አድርገው ሲጠነቀቁ ሳይ አላስቻለኝም።

ባልዲውን በእግሬ ደፋሁት። ማሰሮውን አንስቼ ገለበጥኩት። ጠርሙሱን ከእጃቸው ወሰድኩ። ከዚያ በርሜሉን በትከሻዬ ገፋሁት፤ ውሃው ደጁን አጥለቅልቆ ወደ እንሰቱ ሥር ወረደ። እሱም ሌላ ጥፋት ነበር፤ ያኔ ግን አልታየኝም። አሮጊቷ ጮኹ። አልሰደቡኝም፤ ቤት ሲቃጠል እንደሚጮኽ ነው የጮኹት። የጎረቤቷ ሴት ተመልሳ በር ላይ ቆመች።

«ጋሼ! ምንድን ነው? እናቴ ምን ሆነች?» ይላል ስልኩ።

መሬት ላይ፣ ጭቃው ውስጥ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። አምፖሉን፣ መገልበጡን፣ ደብተሬን፣ ሦስቱን ቀን ማጠቤን፣ አረንጓዴውን ቀለም፣ መሐንዲሷን፣ ጆጉን። አላቋረጠችኝም። አለቅስ ነበር፤ አፍሬ ነበር፤ ደግሞም፣ ይህን መናገር ያሳፍረኛል፣ ቀለለኝ። እኔን ሲቀለኝ ሸክሙ ወዴት እንደሄደ የገባኝ ኋላ ነው።

«ንገሪያቸው» አልኳት። «እንደነገርኩሽ አድርገሽ።»

ከዚያ በሃዲይኛ ተናገረች፤ ቀስ ብላ፣ አንዳንዴ ቃል እየፈለገች። አሮጊቷ እየሰሙ እርጥቡን መሬት ያዩ ነበር። ስትጨርስ አንድ ነገር ጠየቁ።

«'ሲሰጥሽ ያውቅ ነበር ወይ?' ትላለች» አለችኝ።

«አውቅ ነበር።»

በአንዲት አጭር ቃል ተረጎመችላቸው። አሮጊቷ አላዩኝም። ባዶውን ማሰሮ አነሡ፣ ውስጡን አዩት፤ ይዘውት ሊገቡ ሁለት እርምጃ ተራመዱና ቆሙ። ወደ ቤት ያስገቡት ወይስ ውጭ ይተዉት እንደሆነ አልታወቃቸውም። እኔም አልነገርኳቸውም። በመጨረሻ ከበርሜሉ አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጡት።

ስልኩ ገና አልተዘጋም ነበር። በዚያ በኩል የልጆቹ ድምፅ ይሰማኛል፤ በሆነ ነገር ይጣላሉ። እሷ ትተነፍሳለች።

«ጋሼ» አለች። «ልጆቼስ?»

«አላውቅም» አልኳት።